ፎቶን መከርከምና መጠኑን መቀየር

ፎቶን መከርከምና መጠኑን መቀየር ማለት አንድ ዲጂታል ፎቶ፣ በውስጡ ያለው ሰው ወይም ነገር ሳይጣመም፣ ከተጠየቀው ወርድና ቁመት ጋር እንዲስማማ ማድረግ ነው። በንግግር ሁለቱም «ፎቶ ማስተካከል» ይባላሉ፤ ነገር ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መከርከም ከፎቶው ጠርዝ ላይ ቆርጦ መጣል ሲሆን የተረፈው ክፍል እንዳለ ይቀራል። መጠን መቀየር ደግሞ ምንም ሳይቆረጥ ሙሉውን ምስል በበለጠ ወይም ባነሰ የፒክስል ብዛት እንደገና መሥራት ነው። ፊት የሚለጠጠው ወይም የሚጨመቀው በሁለተኛው ሥራ ላይ፣ ወርዱና ቁመቱ በተለያየ ቁጥር ሲባዙ ብቻ ነው። ስለዚህ የተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ከርክሞ ቅርጹን ማስተካከል፣ ከዚያ መጠኑን መቀየር ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለፈተና ምዝገባ፣ ለቪዛና ለአሜሪካ የዲቪ ዕጣ በሚቀርቡ ፎቶዎች ላይ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የተጣመመ ወይም ልኩን ያልጠበቀ ፎቶ ማመልከቻውን ራሱን ሊያሰርዝ ይችላል።

## ጉርድ ፎቶ

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ ያወጣለት ስም ሥራውን ራሱን ይገልጻል። «ጉርድ» የተቆረጠ፣ ያጠረ ማለት ነው፤ ከወገብ በታች የሚለበሰው ጉርድ ቀሚስና የአዲስ አበባው ጉርድ ሾላም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ቃል ነው። ጉርድ ፎቶ ከደረት በላይ ብቻ የሚያሳይ፣ ከሙሉ ቁመና የተቆረጠ ምስል ነው። የተለመደው ልኩ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፎቶ ቤት የገባ ሰው «ሦስት በአራት» ቢል ይበቃዋል።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአታዬ በስተሰሜን፣ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ትገኛለች። ከዞኑ ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚሄዱ ብዙ ናቸው። በዚህ የተነሣ አንድ የከሚሴ ወይም የባቲ ወጣት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ፎቶ ሊጠየቅ ይችላል፦ ለትምህርት ቤት ወይም ለቀበሌ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ለውጭ ጉዞ በብዙ አገሮች የተለመደውን 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ለዲቪ ደግሞ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ 600 በ600 ፒክስል። ሦስቱም ፊትን የሚያሳዩ ትንንሽ ፎቶዎች ስለሆኑ አንዱን ለሌላው ማዋል ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱም ቅርጻቸው ይለያያል።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ (ፋይዳ) በዚህ ረገድ የተለየ ነው። ፎቶው ከጣት አሻራና ከዓይን ምስል ጋር በምዝገባው ቦታ የሚነሣ በመሆኑ ተመዝጋቢው ፎቶ አዘጋጅቶ መምጣት አያስፈልገውም።

## የወርድና የቁመት ጥምርታ

የአንድ ፎቶ ቅርጽ የሚወሰነው በጥምርታው፣ ማለትም ወርዱ ለቁመቱ በሚካፈልበት ውጤት ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ጥምርታው 0.75 ነው። 35 በ45 ሚሊ ሜትር 0.78 ገደማ ይሆናል። የዲቪ ፎቶ 1 ነው። ሁለት ፎቶዎች ጥምርታቸው አንድ ከሆነ አንዱን አሳንሶ ወይም አሳድጎ ሌላውን ማድረግ ይቻላል፤ ምንም አይጣመምም። ጥምርታቸው ከተለያየ ግን ወይ መከርከም፣ ወይ በጠርዙ ላይ ባዶ ቦታ መጨመር፣ ወይ መለጠጥ ግድ ይላል። አራተኛ መንገድ የለም።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። 12 ሚሊዮን ፒክስል የሚያነሣ የሞባይል ካሜራ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ 3000 ፒክስል ወርድና 4000 ፒክስል ቁመት ያለው ፎቶ ይሰጣል። ጥምርታው 0.75 ነው፤ ከጉርድ ፎቶ ጋር ፍጹም አንድ ነው። ስለዚህ በትክክል የተነሣ የሞባይል ፎቶ ምንም ሳይከረከም 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሊታተም ይችላል። ለ35 በ45 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወርዱን 3000 እንደያዘ ቁመቱ ወደ 3857 መውረድ አለበት፤ ከላይና ከታች ተደምሮ 143 ፒክስል ብቻ ይቆረጣል፤ ከፎቶው 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዲቪ ግን ከቁመቱ 1000 ፒክስል፣ ማለትም ሩቡ፣ መውጣት አለበት።

ይህ ሩብ ሳይቆረጥ ፎቶው በግድ 600 በ600 ቢደረግ ወርዱ በ0.2፣ ቁመቱ በ0.15 ይባዛል። ውጤቱ ፊቱ ከእውነተኛው ይልቅ በአንድ ሦስተኛ የሰፋ ሰው ነው። ጉንጩ ያበጠ፣ አገጩ ያጠረ፣ ትከሻው የተንጣለለ ይመስላል። ፎቶውን የሚያየው ሰው ባለቤቱን የማያውቀው ከሆነ መልኩ እንዲህ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የዓይንን፣ የአፍንጫንና የአገጭን ርቀት እየለካ የሚያነጻጽር ማሽን ግን ሌላ ሰው ያገኛል።

## የዲቪ ፎቶ

ዲቪ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ማመልከቻው በወረቀት መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከተሞች የዲጂታል ፎቶ ልክ የብዙ ሰው ጉዳይ የሆነው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። የምዝገባው ወቅት ሲደርስ የኢንተርኔት ቤቶችና የፎቶ ቤቶች በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ የማይታይበት ከተማ ጥቂት ነው።

መመሪያው በየዓመቱ የሚወጣ ቢሆንም የፎቶው መሠረታዊ ልክ ለዓመታት ብዙም አልተለወጠም። ፎቶው በቀለም የተነሣ፣ በጄፔግ ፋይል የተቀመጠ፣ ወርዱና ቁመቱ እኩል፣ 600 በ600 ፒክስል፣ ክብደቱም ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። ከአገጭ እስከ አናት (ፀጉርን ጨምሮ) ያለው ርዝመት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ ይኖርበታል። ዓይኖቹ ከፎቶው ግርጌ ሲለኩ ከ56 እስከ 69 በመቶ ባለው ከፍታ ላይ ይውላሉ። ከኋላ ያለው መደብ ነጭ ወይም ወደ ነጭ የተጠጋ ይሆናል፤ መነጽር አይፈቀድም፤ ፎቶው ከስድስት ወር ወዲህ የተነሣ መሆን አለበት። ያለፈውን ዓመት ፎቶ ደግሞ ማስገባት ማመልከቻውን ያሰርዛል። ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፎቶ ያስፈልጋቸዋል።

እነዚህ መቶኛዎች በ600 ፒክስል ላይ ሲቆጠሩ ጭንቅላቱ ከ300 እስከ 414 ፒክስል፣ ዓይኖቹ ከግርጌ ከ336 እስከ 414 ፒክስል ላይ መሆን አለባቸው ማለት ነው። የሚከረከመውን አራት ማዕዘን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከአገጭ እስከ አናት ያለውን ፒክስል ለክቶ ለ0.6 ማካፈል ነው። ለምሳሌ ጭንቅላቱ 1500 ፒክስል ከሆነ የአራት ማዕዘኑ ጎን 2500 ፒክስል ይሆናል። ይህ ወደ 600 ሲወርድ ጭንቅላቱ 360 ፒክስል ይደርሳል፤ ከሁለቱ ወሰኖች መካከል ነው። ዓይን አብዛኛውን ጊዜ የጭንቅላት መካከል ላይ ስለሚገኝ አገጩ ከግርጌ 180፣ አናቱ 540 ላይ እንዲያርፍ ክፈፉን ማንቀሳቀስ የዓይኑንም ልክ አብሮ ያሟላል። ከአናቱ በላይ 60 ፒክስል ባዶ ቦታ ይተርፋል።

ብዙ ፎቶዎች የሚበላሹት ግን በኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን ገና ሲነሡ ነው። ከ3000 በ4000 ፒክስል ፎቶ ሊወጣ የሚችለው ትልቁ እኩል አራት ማዕዘን 3000 በ3000 ነው። የዚህ 69 በመቶ 2070 ይሆናል። በሌላ አነጋገር ቀጥ ተደርጎ በተያዘ ስልክ የተነሣ ሰው ጭንቅላቱ ከፎቶው ቁመት ከግማሽ ብዙ ከበለጠ ከዚያ ፎቶ ሕጉን የሚያሟላ የዲቪ ፎቶ አይወጣም። የቱንም ያህል የተካነ ባለሙያ ቢነካካው ያው ነው፤ በጎን በኩል የጎደለ ቦታ ስላለ። በዚህ ጊዜ መለጠጥ ፈታኝ ይሆናል፤ ትክክለኛው መፍትሔ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ማንሣት ነው።

ከዚሁ ምክንያት የተነሣ ለፓስፖርት የተቆረጠ ፎቶ ለዲቪ አይሆንም። በ35 በ45 ሚሊ ሜትር ፎቶ ላይ፣ ለምሳሌ ለሸንገን ቪዛ፣ ፊቱ ከ32 እስከ 36 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠየቃል። ያ ፎቶ ወደ 35 በ35 ቢከረከም ጭንቅላቱ ከ90 በመቶ በላይ ይይዛል። ከትልቁ ክፈፍ ትንሹን ማውጣት ይቻላል፤ ከትንሹ ትልቁን ማውጣት ግን አይቻልም። ፎቶ ቤት ያስነሣ ሰው ከታተመው ጉርድ ፎቶ ጋር ያልተከረከመውን ዋናውን ፋይል ተቀብሎ ቢያስቀምጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የራስ መሸፈኛን በተመለከተ፣ በዞኑ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑ ጥያቄው ዘወትር የሚነሣ ነው። የአሜሪካ መመሪያ በሃይማኖት ምክንያት በየዕለቱ የሚለበስ ሻሽ ወይም ሂጃብ ይፈቅዳል፤ ፊት ሙሉ በሙሉ መታየትና የመሸፈኛው ጥላ ፊት ላይ አለመውደቅ ግን ግዴታ ነው። ነጭ ሂጃብ በነጭ መደብ ላይ ጠርዙ ስለሚጠፋ የጭንቅላቱን ልክ መለካት ያስቸግራል፤ ጠቆር ያለ ቀለም ይህን ችግር ያስቀራል።

## ከካሜራው የሚመጣ መጣመም

መጠን በመቀየር የሚመጣ መጣመም እንዳለ ሁሉ ካሜራውን በጣም በማቅረብ የሚመጣም አለ፤ ሁለተኛውን ግን በመከርከም ማቃናት አይቻልም። ስልክ ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተይዞ ራስን ሲያነሡ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ለካሜራው ይቀርባል እንበል። አፍንጫው ከ30፣ ጆሮው ከ40 ሴንቲ ሜትር ስለሚታይ አፍንጫው ከጆሮው አንጻር በአንድ ሦስተኛ ጎልቶ ይወጣል። ካሜራው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ሲርቅ ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። በአጋጣሚ ይህ ርቀት ከላይ የተጠቀሰውን የጎን ቦታ ችግርም አብሮ ይፈታል። ለጉርድ ፎቶ ሌላ ሰው እንዲያነሣ የሚመከረው በሁለቱም ምክንያት ነው።

## ከስልክ ወደ ኢንተርኔት ቤት

ፎቶው በስልክ ተነሥቶ ማመልከቻው በኢንተርኔት ቤት ሲሞላ ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም አንድን ምስል «ፎቶ» አድርጎ ሲልክ ዳታ ለመቆጠብ የፒክስሉን ብዛት ይቀንሳል፤ ጄፔጉንም እንደገና ይጨምቃል። ያው ምስል «ፋይል» ተደርጎ ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ልዩነቱ በስልክ መስታወት ላይ ብዙ አይታይም፤ ተከርክሞ ትንሽ ክፍሉ ብቻ ሲቀር ግን ይገለጣል።

ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ የሚያስቀምጥ ዘዴ ነው። በተከፈተና እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ተጨማሪ ዝርዝር ይጠፋል፤ በቆዳና በነጭ መደብ መገናኛ ላይ የተልከሰከሰ ጠርዝ ይፈጠራል። ስለዚህ ከዋናው ፋይል ተነሥቶ አንድ ጊዜ ብቻ ከርክሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳንሶ ማስቀመጥ ይመረጣል። 600 በ600 የሆነ ጉርድ ፎቶ በደህና ጥራት ተቀምጦም ከ240 ኪሎባይት በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ፋይሉ ከዚህ ከከበደ የሚቀነሰው የጄፔግ ጥራቱ እንጂ ፒክስሉ አይደለም። ብዙ ሰው ኪሎባይትንና ፒክስልን አንድ ነገር አድርጎ ስለሚያይ ፋይሉ እንዲቀል ብሎ ፎቶውን 300 በ300 ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ቢስማማም ልኩ ይወድቃል።

ሌላው በዚህ መንገድ ላይ የሚያጋጥመው የመገልበጥ ችግር ነው። ስልክ ቀጥ ብሎ ተይዞ የተነሣን ፎቶ አንዳንድ ስልኮች በጎኑ ያስቀምጡትና «ሲታይ አዙረው» የሚል ምልክት በፋይሉ ውስጥ ይጽፋሉ። ምልክቱን የማያነብ ድረ ገጽ ፎቶውን ተጋድሞ ያሳየዋል። በማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ አዙሮ እንደገና ማስቀመጥ ችግሩን ያስወግዳል።

## ማሳነስና ማሳደግ

ዲጂታል ምስል የፒክስል ሰንጠረዥ ነው። የመጀመሪያው በማሽን ተነብቦ ወደ ኮምፒዩተር የገባው ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ በራስል ኪርሽ የተሠራ ሲሆን የሕፃን ልጁን ፊት ያሳይ ነበር። 176 በ176፣ በድምሩ 30,976 ፒክስል ነበረው። የዛሬው የዲቪ ፎቶ 360,000 ፒክስል አለው፤ የሞባይሉ ፎቶ ደግሞ 12 ሚሊዮን።

ሲያሳንሱ ኮምፒዩተሩ የብዙ ፒክስሎችን ቀለም አማክሎ አንድ ያደርጋል፤ ዝርዝር ይጠፋል እንጂ የሚፈጠር ነገር የለም። ሲያሳድጉ ግን በሁለት ፒክስሎች መካከል ያልነበረ ቀለም መገመት አለበት። ቀላሉ ዘዴ የቅርቡን ፒክስል ደግሞ መጻፍ ሲሆን ውጤቱ ደረጃ ደረጃ የሆነ ጠርዝ ነው። ባይሊኒየር የሚባለው አራት ጎረቤት ፒክስሎችን፣ ባይኪዩቢክ አሥራ ስድስቱን አይቶ ይገምታል፤ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ ፎቶው ግን ይደበዝዛል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ አዳዲስ ማሳደጊያዎች የጠራ ምስል ይሰጣሉ፤ ሆኖም የሚያሳዩት ቅንድብና ሽፋሽፍት ከሌሎች ብዙ ፊቶች የተማሩት ግምት ነው። ለግድግዳ ፎቶ ያምር ይሆናል፤ ለመታወቂያ ግን የሌላ ሰው ዝርዝር በባለቤቱ ፊት ላይ መለጠፍ ነው።

የታተመ ፎቶን በስካነር ለማስገባት በኢንች የሚነበበው የነጥብ ብዛት ይወስናል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ሲነበብ 354 በ472 ፒክስል ብቻ ይሆናል፤ ለ600 ፒክስል አይበቃም። በ600 ነጥብ ሲነበብ 709 በ945 ይደርሳል። በኅትመት ጊዜም በተቃራኒው ያው ስሌት ይሠራል። በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ስምንት ጉርድ ፎቶ ደርድሮ ማተም ይቻላል፤ ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስማማ» በሚለው ምርጫ ላይ ከተተወ ግን ሁሉንም ትንሽ ያሳንሳቸዋል። ያ መጣመም አይደለም፤ ጥምርታው ያው ነው። በማስመሪያ ሲለካ ግን 3 በ4 አይሆንም።

## የፊደል ጉዳይ

ከፎቶው ጋር የትምህርት ማስረጃና የልደት ምስክር ወረቀትም ተነሥተው ይላካሉ። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። «ለ»፣ «ሉ»፣ «ሊ» እና «ላ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ወይም በእግር ርዝመት ነው። ሰነዱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ትንንሽ ምልክቶች ናቸው፤ ፊደሉ በጥቂት ፒክስል ቁመት ሲቀር «ሙ»ንና «ሚ»ን መለየት ያዳግታል፤ የባለቤቱም ስም ሌላ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አፋን ኦሮሞ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ሰነዶች በላቲን ፊደል፣ በቁቤም ይጻፋሉ። በቁቤ አናባቢው ራሱን የቻለ ሙሉ ፊደል በመሆኑ መጠነኛ ማሳነስን የተሻለ ይችላል፤ ተደጋግመው የሚጻፉት ፊደላት ግን ሲደበዝዙ ተጣብቀው አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በአፋን ኦሮሞ የአናባቢው መርዘም የቃሉን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። ስለዚህ ለሰው ፎቶ የሚበቃ የፒክስል ብዛት ለሰነድ አይበቃም። ሰነድ ሲላክ ከማሳነስ ይልቅ የጠረጴዛውን ዳር ከርክሞ ወረቀቱን ብቻ ማስቀረት ፋይሉን ያቀላል፤ ፊደሉንም አይነካም።

## ሰፋፊ ምስሎች

የመከርከም ጥያቄ ለባነር፣ ለመጽሔት ሽፋንና ለድረ ገጽም ይነሣል። በየሳምንቱ ሰኞ የሚቆመውን የባቲ ገበያ ወይም በቦርከና ወንዝ ዳር ያለውን የጨፋ ሜዳ የሚያሳይ 4000 በ3000 ፒክስል ፎቶ 3 ሜትር በ1 ሜትር ለሆነ ባነር ይፈለጋል እንበል። ከቁመቱ 1333 ፒክስል ብቻ ይቀራል፤ ከግማሽ በላይ ይወጣል። ለጨፋ ሜዳ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ሰማዩና የፊት ሣሩ ቢቀነሱ አግድም የተዘረጋው ሜዳ ይተርፋል። ለገበያው ግን ከባድ ነው፤ ከፊት ያሉት ሻጮች አንገታቸው ላይ ሊቆረጡ ይችላሉ። ተለጥጦ ቢታተም ደግሞ ግመሎቹም ሰዎቹም አጭርና ወፍራም ይሆናሉ። በየመንገዱ በሚታዩ ባነሮች ላይ እንደ እንቁላል የተጋደሙ ክብ አርማዎችና የሰፉ ፊቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። አርማው ክብ በሆነበት ባነር ላይ መጣመምን ማወቅ ቀላል ነው፤ ፊት ብቻ ባለበት ግን ዓይን ይላመደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሻይ አቪዳን እና አሪየል ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ አቀረቡ። ኮምፒዩተሩ በምስሉ ውስጥ ለውጥ የማይታይባቸውን ቦታዎች፣ ለምሳሌ ሰማይን ወይም ሜዳን፣ የሚያቋርጥ የተጠማዘዘ የፒክስል መስመር ፈልጎ ያወጣል ወይም ይጨምራል። ሰዎቹ ሳይነኩ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ይጠባል። ፎቶሾፕ ተመሳሳይ አሠራር በቀጣዩ ዓመት አስገብቷል። ለሜዳ ፎቶ ጥሩ ይሠራል፤ ሰው በተጨናነቀበት ገበያ ግን የሚያወጣው ባዶ ቦታ ስለማያገኝ ክንድና ፊት ይቆራርጣል። በሰዎች መካከል ያለውን እውነተኛ ርቀትም ስለሚለውጥ ለዜና ፎቶና ለማስረጃ አይሆንም።

በጎን ባዶ ቦታ መጨመርም አማራጭ ነው። ለኅትመትና ለድረ ገጽ ምንም ክፋት የለውም። ለቪዛና ለዲቪ ፎቶ ግን የተቀጠለ መደብ ፎቶው እንደተነካካ ሊያስቆጥር ስለሚችል አይመከርም።

## በፕሮግራሞች ውስጥ

በዊንዶውስ ፔይንት «መጠን ቀይር» በሚለው መስኮት ውስጥ ጥምርታን ጠብቅ የሚል ሳጥን አለ። ምልክቱ ከተነሣ ወርዱንና ቁመቱን ለየብቻ መጻፍ ይቻላል፤ መጣመሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። በፎቶሾፕና በነፃው ጊምፕ ይህ በሰንሰለት ምልክት ይታያል፤ ሰንሰለቱ ሲያያዝ አንዱ ሲጻፍ ሌላው በራሱ ይከተላል። የፎቶሾፕ መከርከሚያ ጥምርታውን ወይም የመጨረሻውን ፒክስል አስቀድሞ መጻፍ ስለሚያስችል ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። በስልክ ላይ የጉግል ፎቶዎች «ከርክም» የሚለው ትእዛዝ እኩል አራት ማዕዘንን ጨምሮ የተዘጋጁ ጥምርታዎች አሉት፤ የመጨረሻውን ፒክስል በቁጥር ለመወሰን ግን ሌላ መተግበሪያ ያስፈልጋል።

ሰንሰለቱ ተያይዞ 600 ወርድ ሲጻፍ ቁመቱ 800 ሆኖ ከመጣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ፎቶው ገና አልተከረከመም ማለት ነው።